ፈረስ ይስቃል ወይ?

ፈረስ ሲስቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንገቱን ወደ ላይ ያቀናል፤ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ይቀለብሳል፤ ረዣዥም ጥርሶቹን ያገጥጣል፤ ዓይኖቹን ከደን አድርጎም ለጥቂት ሰኮንዶች ጸጥ ይላል። ያየው ሰው ሁሉ አብሮ ይስቃል። በስልክ ከሚዘዋወሩት አስቂኝ የእንስሳት ምስሎች መካከልም ይህ ገጽታ ዘወትር አይጠፋም።

እኔ ይህን «ሳቅ» በቅርበት ያየሁት በአውሮፓ የምሕንድስና ተማሪ ሳለሁ ነው። እስከዚያ ድረስ ፈረስን ይበልጥ የማውቀው በመማሪያ መጽሐፍ ነበር፤ «አንድ የፈረስ ጉልበት ከ746 ዋት ጋር እኩል ነው» በሚለው ቀመር። ከተማሪዎች መኖሪያችን በብስክሌት ሃያ ደቂቃ ያህል ርቆ አንድ የፈረሶች ጋጣ ነበርና ቅዳሜና እሑድ ፋንድያ እየጠረግሁ፣ ድርቆሽ እያደልሁ ጥቂት ገንዘብ ማግኘት ጀመርሁ። እዚያ ከነበሩት ፈረሶች አንዱ ዳማ ነበር። ባለቤቱ ያወጣችለት ስም ለምላሴ ስለከበደኝ «ዳማ» እያልሁ ጠራሁት፤ እርሱም ቅር አላለውም።

በመጀመሪያው ቀን ዳማ እጄን አሸተተና ከንፈሩን ቀልብሶ «ሳቀብኝ»። ወዲያው ፎቶግራፍ አነሣሁትና በአገው ምድር ፈረስ ሲያረባ ላደገው አጎቴ ላክሁለት። መልሱ አጭር ነበር፦ «አልሳቀብህም፤ አሸተተህ እንጂ። እጅህን ታጠብ።» በዚያ ጠዋት ሽሮ ለመሥራት ብዙ ነጭ ሽንኩርት ልጬ ነበር።

አጎቴ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ፍርዱ ግን ትክክል ነበር። ከፈረስ ጋር የሚኖር ሰው በየቀኑ የሚያስቀው ነገር አያጣም። ከሚያስቀው ነገር ጀርባ ደግሞ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጅማትና አእምሮ የሚሠሩት ሥራ አለ። ይህን ሥራ ማወቅ ሳቁን አያደበዝዘውም፤ ያጣፍጠዋል እንጂ። አንዳንድ ጊዜም፣ በኋላ እንደምተርከው፣ የፈረሱን ሕይወት ያተርፋል።

ከንፈሩን ለምን ይቀለብሳል?

ይህ የከንፈር መቀልበስ በሳይንስ ቋንቋ «ፍሌመን» ይባላል፤ ቃሉ ከጀርመንኛ የመጣ ነው። ፈረስ ብቻውን አይደለም፤ ኮርማም፣ ድመትም፣ አውራ ፍየልም ያደርጉታል። ፍየል ጠብቆ ያደገ አንባቢ አውራው ከሴቷ ኋላ ተከትሎ ካሸተተ በኋላ ከንፈሩን ወደ ሰማይ ሲያነሣ ማየቱን ያስታውሳል።

በፈረስ አፍንጫ ወለል ላይ፣ ከላንቃው በላይ፣ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። እነዚህ ቱቦዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በገለጻቸው በዴንማርካዊው ሐኪም በሉድቪግ ያኮብሰን ስም «የያኮብሰን አካል» ተብለው ይጠራሉ። መደበኛው የማሽተቻ ክፍል በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ቀላል ሽታዎችን ሲይዝ፣ ይህ አካል ግን በእርጥበት ውስጥ የሚገኙ ከበድ ያሉ ኬሚካሎችን ያነብባል። ከንፈሩ ሲቀለበስና ራሱ ወደ ላይ ሲቀና ሽታው ወደ ቱቦዎቹ ይሳባል። ድንጉላ ፈረስ የባዝራን ሽንት ካሸተተ በኋላ እንዲህ የሚያደርገው ባዝራዋ ለመዋለድ ዝግጁ መሆኗን ለማወቅ ነው። እንግዳና ኃይለኛ ሽታ ሲያጋጥምም ያው ነው፦ ሽቶ፣ የሲጋራ ጢስ፣ ብርቱካን፣ ወይም የነጭ ሽንኩርት እጅ።

እንግዲህ ፈረሱ «ሲስቅ» በእውነቱ እያነበበ ነው። ነገር ግን ይህን የሚያደርግበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እኔ ያን ምክንያት ዘግይቼ ነው ያወቅሁት።

ፌስታል የሚያስደነግጠው ጀግና

በታሪካችን መሪዎችና የጦር አለቆች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፦ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ፈረስ ጥይት በሚያፏጭበት ሜዳ የሚገባ እንስሳ ነው። ይኸው እንስሳ ግን በነፋስ የተነሣች አንዲት ፌስታል ስትንኮሻኮሽ አምስት መቶ ኪሎ የሚመዝን ገላውን ይዞ ወደ ጎን ይዘልላል። ዳማን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ ባወጣሁበት ቀን ያስደነገጠው ጃንጥላ ነበር። እርሱ ወደ ግራ ሲዘልል እኔ በቀኝ በኩል ጭቃ ውስጥ ተቀመጥሁ።

ይህን ፍርሃት ሞኝነት ማለት ስሕተት ነው። የፈረስ ዓይን በየብስ ላይ ከሚኖሩ አጥቢ እንስሳት ዓይኖች ሁሉ ከትልልቆቹ የሚመደብ ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ አንገቱን ሳያዞር ከ360 ዲግሪ ውስጥ 350 ያህሉን ያያል። ሣር እየጋጠ ከኋላው የሚመጣውን ይመለከታል ማለት ነው። የዚህ ሰፊ እይታ ዋጋው ሁለት ቦታዎችን አለማየቱ ነው፤ አንደኛው ከግንባሩ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛው በቀጥታ ከጅራቱ ጀርባ። ከኋላው ድምፅ ሳያሰማ የሚጠጋ ሰው ለፈረሱ ድንገት ከመሬት የበቀለ አውሬ ነው። ርግጫውም ከክፋት ሳይሆን ከዚህ የሚመነጭ ነው።

በሣር ሜዳ ላይ የኖሩት የፈረስ ቅድመ አያቶች ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊሠሩ ይችሉ ነበር። አንዱ ከቅጠል መሸሽ ነው፤ ኪሳራው ጥቂት ላብ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከአንበሳ አለመሸሽ ነው፤ ኪሳራው ሕይወት ነው። ዛሬ በጋጣ ውስጥ ያለው ፈረስ የመጀመሪያውን ስሕተት ደጋግመው የሠሩት ዘር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የኮሎራዶ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ፈረሰኞችን ሁሉ የሚያስቅ ጉዳይ ፈትሿል። ተመራማሪዎቹ ፈረሶቹን ከአንድ ትልቅ የልጆች የላስቲክ መጫወቻ ጋር አለማመዷቸው። ፈረሶቹ ምንም ሳይመስላቸው ማለፍ ሲጀምሩ መጫወቻውን ባለበት ቦታ በ90 ዲግሪ አዞሩት። ፈረሶቹም ከዚያ በፊት ፈጽሞ አይተውት እንደማያውቁ ሆነው ደነገጡ። በሄዱበት መንገድ ሲመለሱ ያው ጉቶ እንደገና የሚያስደነግጣቸው ለምን እንደሆነ ይህ በከፊል ያስረዳል፤ ከሌላው ወገን ሲታይ ጉቶው አዲስ ነገር ነው።

የቀለም ነገርም አለ። ፈረስ ሰማያዊንና ቢጫን ይለያል፤ ቀይንና አረንጓዴን ግን አይለይም። ለእኛ በሣር ላይ ጎልቶ የሚታየው ብርቱካናማ ቀለም ለእርሱ ከሣሩ ጋር ይመሳሰላል። በዚህ ምክንያት በብሪታንያ በመሰናክል የፈረስ ውድድር ላይ ለብዙ ዘመን ብርቱካናማ የነበሩት የመሰናክል ምልክቶች ከ2022 ጀምሮ በነጭ እንዲተኩ ተደርጓል። ምልክቱ የተመረጠው ለሰው ዓይን ነበር፤ መዝለል የነበረበት ግን ፈረሱ ነው።

ቆሞ የሚያንቀላፋው

ከሰዓት በኋላ ወደ ጋጣ የገባ ሰው የታችኛው ከንፈሩ ወርዶ፣ አንድ የኋላ እግሩን አሳርፎ፣ ቆሞ የሚያንቀላፋ ፈረስ ያያል። ለምን አይወድቅም? ለምሕንድስና ተማሪ ይህ ከብዙ ትምህርት የሚጥም ጥያቄ ነው።

መልሱ ቁልፍ ነው። በኋላ እግሩ የጉልበቱ ሎሚ በታፋው አጥንት ላይ ባለ ጉብታ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ ጅማቶቹ ቀሪዎቹን መገጣጠሚያዎች አብረው ያስራሉ። ፊተኞቹ እግሮችም የራሳቸው የጅማት ድጋፍ አላቸው። ጡንቻው ብዙ ሳይደክም ያ ሁሉ ክብደት በአጥንትና በጅማት ላይ ያርፋል። አንዱ የኋላ እግር ሲቆለፍ ሌላው ያርፋል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ተራ ይለዋወጣሉ። አደጋ ቢመጣ ደግሞ ቁልፉን ፈትቶ ለመሮጥ ጊዜ አይፈጅበትም።

ነገር ግን ቁልፉ የማይሸፍነው አንድ ነገር አለ። ሕልም የሚታይበት ጥልቅ እንቅልፍ የአንገትንና የገላን ጡንቻዎች ስለሚያላላ ፈረስ ለዚህ እንቅልፍ መተኛት አለበት። በቀን የሚበቃው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ግን ያስፈልገዋል። አንድ ማለዳ ዳማ በጎኑ ተዘርግቶ፣ እግሮቹ ቀጥ ብለው፣ ምላሱ ትንሽ ወጥቶ አየሁትና ሞቷል ብዬ ባለቤቱን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኋት። እየሮጠች መጣች። በሩን ስትከፍት ዳማ አንድ ጊዜ በኃይል አንኮራፋ። ያን ታሪክ በጋጣው ውስጥ ለወራት ሲተርኩብኝ ኖሩ።

ይሁን እንጂ ተዘርግቶ የሚተኛ ፈረስ ለባለቤቱ ምስጋና ማቅረቡ ነው። ጓደኞቹ በአጠገቡ ቆመው የሚጠብቁለት፣ መሬቱ የሚመቸው፣ ስፍራው የሚያሰጋ ያልሆነለት ፈረስ ይተኛል። ብቻውን የታሰረ፣ በጠባብ ቦታ የቆመ ወይም መገጣጠሚያው የሚያመው ፈረስ ግን ለቀናት ሳይተኛ ይቆያል፤ ከዚያም ቆሞ ሳለ እንቅልፉ ሲጠልቅ ጉልበቱ ይከዳዋል። በፊት ጉልበቱ ላይ ደጋግሞ የሚቆስል ፈረስ ያላችሁ፣ ምክንያቱ መንገዱ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ከታጠበ በኋላ ጭቃ

ፈረስ ያጠበ ሰው ሁሉ ይህን ኀዘን ያውቀዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ በውኃና በብሩሽ ደክማችሁ፣ ገላው እንደ መስተዋት አብርቶ፣ ልጓሙን ፈትታችሁ ወደ ሜዳ ትለቁታላችሁ። እርሱም ጥቂት ይራመዳል፤ መሬቱን ያሸትታል፤ ከሜዳው ሁሉ የከፋውን ጭቃ ይመርጥና ጉልበቱን አጥፎ ይንከባለልበታል። ተነሥቶ ሲራገፍ ጭቃው የሚደርሰው በእናንተ ላይ ነው።

ፈረሱ ግን ውለታ ቢስ አይደለም። መንከባለል የሚያሳክክ ቆዳን ያክካል፤ የረገፈ ጸጉርን ያነሣል፤ እርጥበትን ያደርቃል። የደረቀ ጭቃ ደግሞ ለዝንብና ለትንኝ ጋሻ ነው። እኛ ንጽሕና የምንለው ለእርሱ ልብሱን መገፈፍ ነው።

ማከክ ለፈረስ የወዳጅነት ቋንቋም ነው። ሁለት የሚዋደዱ ፈረሶች ፊትና ኋላ ተቃርነው ቆመው፣ አንዱ የሌላውን አንገትና ትከሻ በጥርሱ ያክካል። በፈረንሳይ የካማርግ ፈረሶች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው ጥናት፣ ሰው ጋማው በሚያበቃበት የትከሻ ጉብታ ላይ ሲያክላቸው የልብ ምታቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩትም በአብዛኛው እዚሁ ላይ ነው። እኔም ዳማን እዚያ ሳክለው የላይኛው ከንፈሩ እንደ ዝሆን ኩምቢ ይረዝምና ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከዚያም ብድሩን ለመመለስ ዘወር ብሎ ትከሻዬን ማከክ ይጀምራል። ሁለት የጃኬት ቁልፎች ያጣሁት በዚህ ፍቅር ነው።

በአፍንጫው የሚያሰማው «ፍርርር» የሚል ድምፅም ትርጉም አለው። በፈረንሳይ ሬን ከተማ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ፈረሶች ይህን ድምፅ ይበልጥ የሚያሰሙት በተረጋጉበትና ደስ በሚላቸው ጊዜ፣ ለምሳሌ በሜዳ ሲግጡ፣ መሆኑን አግኝቷል። እንግዲህ ፈረስ ሳቅ አለው ከተባለ፣ ወደ ሳቅ የሚቀርበው ጥርሱን ማግጠጡ ሳይሆን ይህ «ፍርርር» ነው።

ማን ማንን ያሠለጥናል?

ከሦስት ወር በኋላ ዳማን እያሠለጠንሁት ነው ብዬ አምን ነበር። እርሱ ግን የብስክሌቴን ፍሬን ጩኸት ከሩቅ ለይቶ ማሽካካት ጀምሯል፤ በሩን በሰኮናው ሁለት ጊዜ ሲመታ ካሮት እንደማመጣለትም ተምሯል። የሠለጠንሁት እኔ ነበርሁ።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የታወቀው ፈረስ ሐንስ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በበርሊን ቪልሄልም ፎን ኦስተን የተባሉ መምህር ፈረሳቸው ሒሳብ እንደሚያውቅ ለሕዝብ ያሳዩ ነበር። «ሦስት ሲደመር አራት?» ሲባል ሐንስ በሰኮናው ሰባት ጊዜ መሬቱን ይመታል። የባለሙያዎች ጉባኤ መረመረ፤ ማጭበርበር አላገኘም። በመጨረሻ ምስጢሩን የፈታው ኦስካር ፕፉንግስት ሲሆን ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ሐንስም አያውቅም ነበር። ሐንስ የሚያነብበው ቁጥሩን ሳይሆን ጠያቂውን ነው። ትክክለኛው ቁጥር ሲደርስ ሰዎች ሳያውቁት ራሳቸውን በጥቂቱ ያንቀሳቅሳሉ፤ ፈረሱም ያን አይቶ ያቆማል።

ብዙዎች ይህን የሰሙ «ፈረሱ ሒሳብ አያውቅም» ብለው አለፉ። ነገር ግን ከዚህ የሚደንቅ ነገር ምን አለ? አንድ ጉባኤ ሙሉ ምሁራን ያላዩትን እንቅስቃሴ አንድ ፈረስ አየው።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ይህንኑ አጠናክረዋል። በእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ለ28 ፈረሶች የተቆጡና የተደሰቱ ሰዎችን ፎቶግራፍ አሳዩ፤ የተቆጣ ፊት ሲያዩ የልባቸው ምት ፈጥኖ ጨመረ። በዚያው ዓመት በጃፓን የኮቤ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈረስ ሊደርስበት በማይችል ቦታ ምግብ ሲቀመጥ ወደ ጠባቂው ሄዶ በመመልከትና በአፍንጫው በመንካት እርዳታ እንደሚጠይቅ አሳዩ። በኖርዌይ ደግሞ 23 ፈረሶች በሰሌዳ ላይ የተሳሉ ምልክቶችን በአፍንጫቸው እየነኩ «ብርድ ልብሱን አልብሱኝ»፣ «አውልቁልኝ»፣ «እንዳለሁ ተዉኝ» ማለትን ተማሩ። ምርጫቸውም ከአየሩ ጠባይ ጋር የሚስማማ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ፈረስ እኛን ማንበብ ያውቅበታል። ጥያቄው እኛ እርሱን እናነብበዋለን ወይ ነው።

የሳቅሁበት ማለዳ

ወሩ የካቲት ነበር፤ ሌሊቱን የውኃ ገንዳው ላይ በረዶ ጋግሯል። ማለዳ ስደርስ ዳማ አንገቱን አቅንቶ ከንፈሩን ቀልብሷል። «ዛሬስ ምን አሸተትህ?» ብዬ ስቄ ስልኬን አወጣሁ። ጥቂት ቆይቶ ደገመው። እኔም እየሳቅሁ ቪዲዮ ቀዳሁ። ዳማ ዘወር ብሎ ጎኑን ተመለከተ፤ በፊት እግሩ መሬቱን ጫረ፤ ከንፈሩን ሦስተኛ ጊዜ ቀለበሰ። ጨዋታ ፈልጓል ብዬ አሰብሁ። ቪዲዮውን ለአጎቴ ላክሁና መጥረጊያዬን አነሣሁ።

አጎቴ እንደ ወትሮው በጽሑፍ አልመለሰም፤ ደወለ።

«ፋንድያ ጥሏል?» አለኝ፣ ሰላምታም ሳይሰጠኝ።

ጋጣውን ተመለከትሁ። ንጹሕ ነበር። እንዲያውም የምጠርገው ነገር ባለመኖሩ ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ የቀረበለት ድርቆሽም እንዳለ ተቀምጧል።

«የለም፣ ጋሼ።»

«አንተ ልጅ፣ ሆዱ ነው! ስልኩን ዝጋና ሰው ጥራ።»

የሆድ ቁርጠት በፈረስ ላይ ከሚደርሱት ሕመሞች እጅግ ከሚፈሩት አንዱ ነው፤ ምክንያቱም በአፈጣጠሩ ውስጥ አለ። ፈረስ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እንዲግጥ የተሠራ ነው። ጨጓራው ለገላው ትንሽ ነው፤ በጨጓራው አፍ ላይ ያለው ጡንቻ እጅግ ጠንካራ ስለሆነም ማስመለስ አይችልም። የገባው ነገር መውጫው ወደፊት ብቻ ነው። ከዚያ 20 ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጭን አንጀት ይቀበለዋል፤ ቀጥሎ ያለው ወፍራም አንጀት ደግሞ በሆዱ ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠ ሲሆን በየመታጠፊያው የሚጠብብ ስፍራ አለው። በብርድ ወራት ፈረስ ውኃ ሲያንሰው ደረቁ ድርቆሽ እዚያ ላይ ይጋገራል። ጋዝ ይጠራቀማል፤ አንጀቱ ይወጠራል፤ አንዳንድ ጊዜም ይጠመዘዛል። የእንስሳት ሐኪሞች ደጋግሞ ከንፈርን መቀልበስን ከዚህ ሕመም ምልክቶች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። በዚያ ማለዳ ዳማ ምንም አላሸተተም ነበር።

ሐኪሙ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። በዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ የዳማ ከ60 በላይ ነበር። የሕመም ማስታገሻ ወጋው፤ በአፍንጫው ቱቦ አስገብቶም ውኃና ጨው ወደ ጨጓራው አፈሰሰ። ቀኑን ሙሉ በየሰዓቱ እየተመላለስን ሆዱን በጆሯችን አዳመጥን። ጸጥ ያለ ሆድ መጥፎ ነው፤ የሚጉረመረም ሆድ ተስፋ ነው። አመሻሹ ላይ ዳማ ጅራቱን አነሣና ጥቂት ደረቅ ፋንድያ ጣለ። በሕይወቴ ፋንድያ አይቼ እልል ያልሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የዳማ ባለቤት ትርጉሙን ባታውቀውም እልልታዬን ተቀበለችኝ።

ያን ቪዲዮ እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም። ድምፁን ስከፍተው የራሴን ሳቅ እሰማለሁ።

ጨዋታን ከሕመም መለየት

ከንፈሩ ብቻውን አይናገርም፤ ዐውዱን ማንበብ ያስፈልጋል። የሰሴክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረስን ፊት በዝርዝር አጥንተው 17 የተለያዩ የፊት እንቅስቃሴዎችን መዝግበዋል። የሰው 27፣ የውሻ 16፣ የቺምፓንዚ 13 ነው። በ2014 ደግሞ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ሕመምን ከፈረስ ፊት ለማንበብ የሚረዳ መለኪያ አዘጋጅተዋል። ከእነዚህና ከባለ ፈረሶች ልምድ በመነሣት፣ ማንም ሰው ሊያስተውላቸው የሚችሉ ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው።

ጆሮ፦ ጤነኛ ፈረስ ጆሮዎቹን ለየብቻቸው ወደ ድምፁ ያዞራቸዋል። ሁለቱም ጆሮዎች ደርቀው ወደ ኋላና ወደ ጎን ከቀሩ ሕመም መኖሩን ጠርጥሩ።

ዓይን፦ ከፊል የተከደነ ዓይን፣ ከበላዩም አጥንቱ እስኪታይ የተወጠረ ቆዳ የሕመም ምልክት ነው። የእንቅልፍ ዓይን ይለሰልሳል፤ የሕመም ዓይን ይጨማደዳል።

አፍና አገጭ፦ የሚያንቀላፋ ፈረስ የታችኛው ከንፈሩ ይወርዳል። የሚያመው ፈረስ ግን ከንፈሩ ይጨመቃል፤ አገጩ ሾል ይላል፤ የመንጋጋው ጡንቻ ይወጠራል፤ የአፍንጫው ቀዳዳም ይጠነክራል።

መንከባለል፦ አንድ ጊዜ ተንከባልሎ፣ ተነሥቶ፣ ተራግፎ ወደ ግጦሹ የሚመለስ ፈረስ ደስ ብሎታል። እየተነሣ ደጋግሞ የሚተኛና የሚንከባለል፣ የሚያልበው፣ ጎኑን የሚመለከት ፈረስ አሞታል።

ከንፈር መቀልበስ፦ አንድ ነገር አሽትቶ አንድ ሁለት ጊዜ ቢያደርገው ሳቁ። ምንም ሳያሸትት ቢደጋግመው ግን ግርግሙንና ፋንድያውን ተመልከቱ። ቀለቡን ከተወ፣ ፋንድያ ካልጣለ፣ ሐኪም ለመጥራት ሌላ ምልክት አትጠብቁ።

በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ልጆቻችሁን ወደ ግልቢያ ትምህርት ቤት የምትወስዱ ወላጆች፣ ልጁ ኮርቻ ላይ ከመውጣቱ በፊት አምስት ደቂቃ ቆሞ ፈረሱን እንዲመለከት አድርጉት። ጆሮው ወዴት ዞሯል? ዓይኑ ለስላሳ ነው? የትኛውን እግሩን አሳርፏል? ከፊት ለፊቱ ወይም ከጅራቱ በስተኋላ ሳይሆን በትከሻው በኩል፣ እየተናገረ እንዲጠጋውም አስተምሩት። ይህ የግልቢያ የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ወጪም የለውም።

አገር ቤት ስትሄዱ ደግሞ ጋሪ ላይ ከመሳፈራችሁ በፊት ይህንኑ አድርጉ። ኢትዮጵያ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ ፈረሶች ያሏት አገር ናት። ብዙዎቹ የሚያርሱ፣ የሚጭኑና ጋሪ የሚጎትቱ ናቸው። ባለ ጋሪው ፈረሱን ጥላ ሥር አቁሞ ውኃ እስኪያጠጣው ለመታገሥ ፈቃደኛ የሆነ ተሳፋሪ ለፈረሱም፣ ለባለቤቱም እንጀራ ባለውለታ ነው።

አጎቴ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ይገኛል። ፈረሶቹ በጥልፍ ግላስና በቀለማት አጊጠው ሲሸምጡ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይልክልኛል። ባለፈው ጊዜ ከላከልኝ መካከል አንዱ ፈረስ ከንፈሩን ቀልብሶ ጥርሱን አግጥጧል። «ይኸኛውስ ይስቃል ወይ?» ብዬ ጻፍሁለት። «በአጠገቡ ባዝራ አለች፤ ድርቆሹንም ጨርሷል፤ ፋንድያም ጥሏል፤ እንግዲህ ሳቅ» አለኝ።

ሳቅሁ። እናንተም ፈረስ ስታገኙ አስቀድማችሁ አንብቡት፤ ከዚያ ሳቁ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።